ዓርማውን እንመን ወይስ ወሬውን?
የቆዩ የወታደር ኮፍያ ዓርማዎችን በሳይንስ ስለመመርመር

የወታደር ኮፍያ ግንባር ላይ የሚሰካው ትንሽ የብረት ዓርማ ብዙ ነገር ይናገራል። የለበሰው ሰው የየትኛው ጦር ክፍል አባል እንደነበረ፣ በየትኛው መንግሥት ዘመን እንዳገለገለ፣ አንዳንዴም ሠራዊቱን ያሠለጠነው የትኛው አገር እንደሆነ ከእርሱ ሊነበብ ይችላል። በዚህም ምክንያት በመላው ዓለም ይህን ዓርማ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሰብሳቢ በበዛበት ደግሞ አስመስሎ የሚሠራ አይጠፋም። በአገራችንም ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዓርማ፣ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ነው የተባለ መለዮ፣ የጣሊያን ወረራ ዘመን ምልክት ነው የተባለ ነገር በቅርሳ ቅርስ ሱቆች ውስጥ ከመስቀልና ከጠገራ ብር ጎን ተደርድሮ ማየት አዲስ አይደለም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ሐሰተኛ ዓርማ ሙዚየም ከገባ ወይም ፎቶግራፉ በመጽሐፍ ላይ ከወጣ ቀጣዩ መርማሪ እርሱኑ ማነጻጸሪያ ያደርገዋል፤ ስሕተቱም እየተራባ ይሄዳል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባላት መካከል ያልተመለሱ አሉ። የእነዚህ ሰዎች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሐሰት ዓርማ ገዝቶ የአባቴ መታሰቢያ ነው ብሎ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል የተታለለው በኪሱ ብቻ አይደለም። በተቃራኒው በእውነት የዘማች ሆኖ ሳለ «አዲስ ይመስላል» ተብሎ ለብረት አቅላጭ የተሰጠ ዓርማም ዳግመኛ አይገኝም። ሁለቱም ስሕተቶች ዋጋ አላቸው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጓዘው አንድ ምሳሌ ይዘን ነው። አንድ ሰው የናስ ዓርማ አመጣልን እንበል። ምስሉ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነው። ባለቤቱ የሚነግረን ታሪክ ደግሞ «ከቆቃ ሐይቅ ዳር፣ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ከደለሉ ላይ ተገኘ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ እዚያው የኖረ ነው» የሚል ነው። ዓርማው ለትምህርት የታሰበ እንጂ በእጃችን ያለ ዕቃ አይደለም። ይሁን እንጂ ቆቃን የመረጥነው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

«እውነተኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከምርመራው በፊት ጥያቄው መጥራት አለበት። ለዚህ ከጠገራ ብር የተሻለ አስተማሪ የለም። ማሪያ ቴሬዛ የሚባለው ይህ የኦስትሪያ ብር በላዩ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ለብዙ ዘመናት በዚያው ዓመት ተመትቷል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት በ1935 እ.ኤ.አ. ሳይቀር በሮም ታትሞ ነበር። እንዲህ ያለው ብር ሐሰተኛ ነውን? ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ የብር መጠኑም ከሺህ 833 እስከሆነ ድረስ ገበያው ተቀብሎታል። ሆኖም «በ1780 የተመታ ነው» ብሎ የሚሸጠው ሰው ሐሰት ተናግሯል። የእኛም ሳንቲሞች ተመሳሳይ ጠባይ ነበራቸው፤ ፲፱፻፴፮ የሚል የግዕዝ ቁጥር ያለባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ዓመቱ ሳይለወጥ ከ1936 ዓ.ም. በኋላም ለረጅም ጊዜ ተመትተዋል።

ስለዚህ አንድ ዓርማ በዘመኑ ተሠርቶ ለወታደር የታደለ፣ በዘመኑ ተሠርቶ ያልታደለ፣ በኋላ በዚያው የጥንቱ ማተሚያ እንደገና የተመታ፣ ለፊልም ወይም ለመታሰቢያ በግልጽ የተቀዳ፣ ወይም ለማታለል የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሐሰተኛ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለመጨረሻው ነው። ቀሪዎቹ ሐሰተኛ የሚሆኑት የሐሰት ታሪክ ሲለጠፍባቸው ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የምንመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ዕቃውንና ስለ ዕቃው የሚነገረውን።

ሁለተኛው መሠረታዊ ነጥብ የፈተናዎቹ ጠባይ ነው። አንድ ፈተና ዓርማው ከተባለለት ዘመን ጋር እንደማይስማማ በእርግጠኝነት ሊያሳይ ይችላል። እንደሚስማማ ሲያሳይ ግን ያረጋገጠው ነገር የለም፤ አላስወገደውም ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ማግኔት አልሳበውም፤ ስለዚህ እውነተኛ ናስ ነው፤ ስለዚህ የጃንሆይ ዘመን ነው» የሚለው አነጋገር በሁለት «ስለዚህ»ዎች ሁለት ገደል ይዘላል።

ምስሉ የሚሰጠው የጊዜ ወሰን

መሣሪያ ከማንሣታችን በፊት ዓይናችን ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። የመንግሥት ዓርማ ከሥርዓት ጋር ይለዋወጣል፤ ለውጡም ለእኛ እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንበሳው ዘውድ ደፍቶ፣ ጫፉ መስቀል የሆነ ዘንግ ይዞ ይታያል። በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው አንበሳ ዘውዱ ተነሣለት፣ የዘንጉ መስቀልም ወደ ጦር ጫፍ ተለወጠ። ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ቀርቶ የደርግ ዓርማ ተተካ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ኢሕዲሪ ሲመሠረት እንደገና ተለወጠ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለው ኮከብ መጣ። ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር የሚጋጭ ታሪክ ያለ ምንም ኬሚስትሪ ይወድቃል።

በነገራችን ላይ በዚህ በኩል አንድ የሚያስቸግር ዕቃ ሊያጋጥም ይችላል፤ ይኸውም ዘውዱ በሞረድ የተሞረደለት አንበሳ ነው። «በ1967 ዓ.ም. ራሱ ወታደሩ የሞረደው» ቢባል ታሪኩ ሊሆን የሚችል ነው። መልሱ የሚገኘው ከተሞረደው ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለአየር የተጋለጠ ከሆነ እንደ ጎረቤቱ መጥቆር ነበረበት፤ የሞረዱ ጭረት እንደ ትናንት ቢያበራ ግን ሞረዱም የትናንት ነው።

ፊደሉም ጠቃሚ ነው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ጽሑፍ ግዕዝ የማያነብ ሠራተኛ ከፎቶግራፍ ሲቀዳው መስመር መስሎት የፊደሉን እግር ያረዝማል፣ ቅጥያውን ይዘነጋል፣ ቃል ከቃል ያጋጥማል። አማርኛ አንባቢ የሆነ ተማሪ በዚህ ረገድ ከውጭ አገር ባለሙያዎች የተሻለ ዓይን አለው። ለማነጻጸሪያ ከላይ የጠቀስናቸው የ1936 ሳንቲሞች አንበሳና ፊደል ጥሩ መነሻ ናቸው፤ በእርግጥ የተሠሩበት ዘመን የታወቀ፣ በብዛትም የሚገኙ ናቸውና።

ከጀርባው ያለው ማሠሪያም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ ሠራዊት በየጊዜው የተለያዩ አገሮች አሠልጥነውታል። ከጦርነቱ በፊት ክቡር ዘበኛን ቤልጂጎች፣ የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ስዊድኖች ነበሩ የያዙት። ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች፣ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካኖች፣ በሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ ሕንዶች መጡ። እያንዳንዱ አገር የራሱ የማሠሪያ ልማድ አለው፤ ኮፍያው ላይ በተበሳ ቀዳዳ የሚገባ ረጅም ምላስ፣ ሽቦ የሚያልፍባቸው ሁለት ጆሮዎች፣ በብሎን የሚጠብቅ ግንድ፣ ወይም በሁለት ሹል እሾሆች ላይ የሚጠቀለል በጣት ተጨምቆ የሚለቅ ክዳን። የመጨረሻው ዓይነት በስፋት የተዛመተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስለሆነ «የማይጨው ዘማች» በተባለ ዓርማ ጀርባ ላይ ቢገኝ ነገሩ ያበቃል። ማሠሪያው በኋላ ተበይዶ የተተካ ሊሆን ስለሚችል ግን የብየዳው ዙሪያ ይታይ፤ የቀድሞው ጆሮ ጠባሳ እዚያው ይኖራል።

እፍጋት፦ የአርኪሜዲስ ፈተና በትክክል ሲሠራ

አሁን ወደ ላቦራቶሪ እንግባ። ዓርማው ሳይቧጨር ከምን እንደተሠራ ለመገመት የሚያስችለው ርካሽ መንገድ እፍጋትን መለካት ነው። የንጹሕ መዳብ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.96 ግራም፣ የብር 10.49፣ የብረት 7.87፣ የዚንክ 7.14፣ የአሉሚኒየም 2.70 ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ እንደ ዚንኩ መጠን ከ8.4 እስከ 8.8 ይሆናል። በዘመናችን ለርካሽ ጌጣጌጥ የሚያገለግለውና በላዩ የናስ ቀለም የሚቀባው የዚንክ ቅይጥ ደግሞ 6.7 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ሊለካ ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃ ያለበት ብርጭቆ በሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዓርማው በቀጭን ክር ታስሮ የብርጭቆውን ሥርና ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የተገፋው ውኃ መጠነ ቁስ ነው፤ ውኃ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ ግራም ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ የዓርማው ይዘት ይሆናል። የምሳሌያችን ዓርማ በአየር ውስጥ 14.62 ግራም መዘነ፣ በውኃው ውስጥ ደግሞ ሚዛኑ 1.72 አሳየ እንበል። 14.62 ለ1.72 ሲካፈል 8.50 ይሰጣል። ከናስ ጋር ይስማማል። ዓርማው የዚንክ ቅይጥ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 2.18 ያህል ባሳየ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ውጤቱን ጽፈው ያልፋሉ። ዋናው ትምህርት ግን በልኬት ስሕተቱ ላይ ነው። ሚዛናችን እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ከሆነና ሁለተኛው ንባብ 0.02 ቢስት የእፍጋቱ ስሕተት አንድ በመቶ አካባቢ ነው፤ መልሳችን 8.5 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ይሆናል። ናስን ከብረትም ከንጹሕ መዳብም ለመለየት ይበቃል። እስከ 0.1 ግራም ብቻ በሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ከሆነ ግን 0.1 ግራም ከ1.72 ውስጥ ስድስት በመቶ ነው። መልሱ ከ8.0 እስከ 9.0 ይዘረጋል፤ ናስም ንጹሕ መዳብም በዚያ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ብረትም ከደጃፉ ይቆማል። የዚንክ ቅይጥ ብቻ ነው በዚህ ሚዛን በእርግጠኝነት የሚወገደው። ስለዚህ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ጋር ተነጋግሮ በእርሱ ሚዛን መጠቀም ይሻላል።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። በአንበሳው ጎፈር ውስጥ የተደበቀች የአየር አረፋ ይዘቱን ከፍ አድርጋ እፍጋቱን ታሳንሳለች፤ ውኃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመርና ዓርማውን ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይረዳል። የብረት መርፌ፣ የእርሳስ ብየዳ ወይም መስታወት መሰል ኤናሜል ካለበት የሚለካው የሁሉም አማካይ ነው። የተቦረቦረ ዝገት የሚታይበት ዓርማም ውኃ ውስጥ ባይነከር ይመረጣል።

የራጅ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ባለበት ቤተ ሙከራ ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ መሣሪያው የመዳቡን፣ የዚንኩን፣ የቆርቆሮውንና የእርሳሱን መጠን በመቶኛ ይሰጣል። ይሁንና የሚያየው የገጹን ጥቂት ንብርብር ብቻ ነው። አርጥቦ የኖረ ናስ ከላይኛው ገጹ ዚንኩ ታጥቦ ስለሚወጣ መዳቡ ከእውነቱ የበዛ መስሎ ይታያል። ቁጥር በማሽን መጥቷልና አይጠየቅም ማለት አይደለም።

ተመትቶ ወይስ ፈስሶ?

በፋብሪካ የሚሠራ የኮፍያ ዓርማ በአብዛኛው ቀጭን የናስ ሉህ በጠንካራ የብረት ማተሚያ በከፍተኛ ኃይል ተመትቶ ቅርጽ የሚይዝ ነው። በዚህ ጊዜ ብረቱ ወደ ማተሚያው ጉድጓድ ሁሉ ስለሚገፋ ዝርዝሩ ስል ይሆናል። የአንበሳው ጎፈር ፀጉር ለፀጉር ይለያል፣ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ቀጥ ይላል፣ ጀርባው የፊቱን ቅርጽ ተገልብጦ ያሳያል፣ ጠርዙም ላይ መቁረጫው ያለፈበት ቀጥ ያለ ጭረት ይገኛል።

አስመሳይ ማተሚያ ለማስቀረጽ ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንድ እውነተኛ ዓርማ ላይ ሻጋታ ያወጣና የቀለጠ ብረት ያፈስበታል። የቀለጠ ብረት ሲረጋ ይኮማተራል። ናስ በርዝመቱ ከመቶ 1.5 እስከ 2 ያህል ስለሚኮማተር 40 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ዓርማ የሚወጣው ቅጂ ከ39.2 እስከ 39.4 ብቻ ይሆናል። ይህ በዓይን አይታይም፤ በቨርኒየር ካሊፐር ግን በቀላሉ ይለካል። ከቅጂው ሌላ ቅጂ ከተወሰደ ደግሞ ልዩነቱ ይደራረባል። በማጉያ መነጽር ሲታይም ገጹ እንደ አሸዋ የሻከረ፣ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ያሉበት፣ ጠርዙም የለሰለሰ ነው፤ አንዳንዴ የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት መስመር በዙሪያው ይዞራል።

ከዚህ ተነሥቶ «የፈሰሰ ሁሉ ሐሰተኛ ነው» ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በወረራው ዘመን በዱር የነበረ አርበኛ ፋብሪካ አልነበረውም። በአገር ውስጥ አንጥረኛ የተሠራ፣ ሻካራና ያልተስተካከለ ምልክት በእርግጥ የዘመኑ ሊሆን ይችላል። የአሠራሩ ጥራት ከታሪኩ ጋር ይነጻጸር፤ «ከለንደን ፋብሪካ የመጣ» የተባለ ዓርማ ሻካራ ከሆነ ያስጠረጥራል፣ «የአርበኛ» የተባለው ደግሞ በሚገርም ሁኔታ ስል ከሆነ እርሱም ያስጠረጥራል። በሜዳሊያዎች በኩል የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብም የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያንም ለቤተ መንግሥቱ ይሠሩ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል፤ በአገር ውስጥ የተሠራ ሁሉ ሻካራ ነው ማለትም አይቻልም።

እርጅና የሚጽፈው

ናስ ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣል። በደረቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በሣጥን ውስጥ የኖረ ዓርማ ቀስ በቀስ ቡናማ ከዚያም ጠቆር ያለ ቀለም ይይዛል። በእርጥብ አፈር ውስጥ የኖረ ግን ንብርብር ያበጃል። ከብረቱ ጋር ተያይዞ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ፣ ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት የሚፈጥሩት አረንጓዴ የመዳብ ካርቦኔት ይተኛል። ንብርብሩ ከብረቱ ውስጥ የበቀለ ስለሆነ በጥፍር አይለቅም፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አስመሳዮች ይህን በኮምጣጤ፣ በአሞኒያ፣ በጨው፣ አልፎ ተርፎም በከብት ሽንት ውስጥ በመቅበር ለመቅዳት ይሞክራሉ። በፍጥነት የመጣ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ቀለም ያለውና የላላ ነው፤ ከሥሩም ቀዩ ንብርብር የለም ወይም እጅግ ቀጭን ነው። ከ10 እስከ 40 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር በአንዲት ጠባሳ ጠርዝ ላይ የንብርብሩን አቀማመጥ ማየት ይቻላል። ሌላው ጠቋሚ ምልክት አረንጓዴው በአዲስ የሞረድ ጭረት ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ነው።

ጨው ባለበት አፈር ውስጥ የቆየ ዓርማ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ሊይዝ ይችላል። ክሎራይድ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ይቀመጥና እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት እየሆነ ይፈነዳል፤ በሂደቱ ውስጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሚፈጠር አሲዱ ሌላ መዳብ ይበላል፣ ዑደቱም ይቀጥላል። የነሐስ በሽታ የሚሉት ይህን ነው። በሽታው ዕድሜን ሊያመለክት ይችላል፤ ግን በጨው ውኃ ታስቦበት የተዘፈዘፈ አዲስ ቅጂም ይያዘዋል።

ከዝገቱ ይልቅ እኔ የበለጠ የምተማመንበት የመፋቅ ምልክት ነው። ወታደር ዓርማውን በየማለዳው ይወለውላል። ጨርቁና የመወልወያው ቅባት የሚነኩት የፊቱን ከፍታ ቦታዎች ነው፤ የአንበሳው አፍንጫ፣ ትከሻውና የዘውዱ ጫፍ ለዓመታት ተፍቀው ይለሰልሳሉ። ጀርባውን ማንም አይወለውልም፣ ስለዚህ ስል ሆኖ ይቀራል። በጎድጓዳ ቦታዎች ደግሞ የመወልወያው ነጭ ዱቄት ደርቆ ይገኛል። አስመሳይ ዓርማውን ለማስረጀት ከአሸዋ ጋር በጣሳ ውስጥ ሲያሽከረክረው ግን ፊቱም ጀርባውም፣ ማሠሪያውም ሳይቀር እኩል ይፋቃል። አገልግሎት አድሏዊ ነው፤ አሸዋ አያዳላም።

በጨርቅና በክር የተሠሩ መለዮዎችን በአጭሩ እንጥቀስ። ፖሊስተር በገበያ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሆነ «የ1928» በተባለ ጥልፍ ውስጥ ከተገኘ ታሪኩ ወድቋል። አንዲት የተበጠሰች ጭረት ክር ብትቃጠል ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ሰማያዊ ነጭ የሚያበራ ክር የዘመናዊ ማንጫ ምልክት ነው ይባላል። ግን የድሮ የጥጥ ጥልፍ በቅርቡ በኦሞ ከታጠበ እርሱም ያበራል፤ መታየት ያለበት ሳሙና ያልደረሰበት የውስጥ ክር ነው።

ቆቃ ምን ይላል?

አሁን ወደ ባለቤቱ ታሪክ እንመለስ። የተገኘበት ቦታ ስም ለታሪኩ ማስዋቢያ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ሊፈተን የሚችል አባባል ነው።

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምናገኘው የቆቃ ሐይቅ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። አዋሽ በግድብ ተይዞ የተፈጠረ ነው፤ ግድቡ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን የተሠራውም ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። (የወረራው ዘመን ዓርማ ፍለጋ ወደ ቆቃ መውረድ በዚህ ረገድ ምጸት አለው።) ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. እዚያ ሐይቅ አልነበረም፤ ወንዝና የግጦሽ ሜዳ ነበር። በዚያ ዘመን ከወታደር ኮፍያ የወደቀ ዓርማ የወደቀው በሜዳው አፈር ላይ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በደረቅ መሬት ከቆየ በኋላ ውኃ መጣበት።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዋሽ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣውን አፈር በቆቃ ሲያራግፍ ኖሯል። የቆቃ ግድብ በደለል መሞላት የታወቀ ችግር ነው። ደለል ከላይ ወደ ታች ይደራረባል፤ የጥንቱ ሜዳ ከሥር ነው፣ የቅርቡ ጭቃ ከላይ ነው። እንግዲህ «ከደለሉ ላይ» የተገኘ ዓርማ በ1928 ወድቆ ካልተነካ ከደለሉ በታች መሆን ነበረበት። ከላይ የተገኘው ከላይ የደረሰው በኋላ ነው ማለት ነው፤ ጎርፍ አምጥቶት፣ ዓሣ አስጋሪ ጥሎት፣ ወይም ሰው አስቀምጦት።

ይህን ክርክር ግን ሳናመዛዝን አንጠቀምበትም። በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ደለል እኩል አይተኛም። ወንዙ በሚገባበት በኩል ይከመራል፤ ሞገድ በሚመታው ቁልቁል ዳር ደግሞ አፈሩ ይሸረሸርና የጥንቱ መሬት ይገለጣል። ባለቤቱ «ከደለል ላይ» ሳይሆን «ሞገድ ከሸረሸረው ዳር» ቢለን ኖሮ ታሪኩ በዚህ ፈተና አይወድቅም ነበር። ለዚህም ነው ያገኘ ሰው ቦታውን በትክክል መመዝገብ ያለበት፤ ከፎቶግራፍ ጋር፣ ከአፈሩ ጥቂት ጭምር።

ዝገቱም ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። ቆቃ አዋሽ የሚገባበትና የሚወጣበት ስለሆነ ውኃው ጨው አልባ ነው። ከእርሱ በስተደቡብ ያሉት አቢጃታና ሻላ ግን መውጫ የሌላቸው፣ ሶዳና ጨው የተከማቸባቸው ሐይቆች ናቸው። ሻሸመኔ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዚሁ የሐይቆች አካባቢ በተደረገ ዘመቻ ስለሆነ «ከሻላ ዳር የተገኘ» የሚል ዓርማም ሊመጣ ይችላል። ከሁለቱ ቦታዎች የሚወጣ ናስ አንድ ዓይነት ዝገት ይኖረዋል ብለን አንጠብቅም። የቆቃው ዓርማ በክሎራይድ ተቦርቡሮ ቢመጣ ጨው ከየት አገኘ ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

ፈተናዎች ሲደመሩ

አንድ ፈተና ካላስወገደው ስንት እንመነው? በቁጥር እንየው። በአንድ ገበያ ካሉት 100 ዓርማዎች እውነተኞቹ 10 ብቻ ናቸው እንበል። እውነተኞቹን ሁሉ የሚያሳልፍ፣ ከሐሰተኞቹ ደግሞ ከመቶ 30 የሚያሳልፍ ፈተና አለን። ካለፉት መካከል 10 እውነተኛ፣ 27 ሐሰተኛ ይሆናሉ። ፈተናውን ያለፈ ዓርማ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ 10 ከ37፣ ማለትም 27 በመቶ ነው። ፈተናው ጥሩ ነው፤ ገበያው ግን መጥፎ ነው። ሁለተኛ ተመሳሳይ ብቃት ያለው ፈተና ስንጨምር ሐሰተኞቹ ወደ 8 ይወርዳሉ፣ ዕድሉም 55 በመቶ ይደርሳል። ሦስተኛው ወደ 80 ያደርሰዋል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ፈተናዎቹ እርስ በርሳቸው የማይደጋገፉ ሲሆኑ ነው። ማግኔት፣ ክብደትና እፍጋት ሦስት ቢመስሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ከምን ተሠራ የሚለውን። እውነተኛ ናስ የገዛ አስመሳይ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያልፋል። እፍጋት፣ የአሠራር ዘዴ፣ የመፋቅ አቅጣጫና የመገኛ ቦታ ግን አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አስመሳዩ አንዱን ስላወቀ ሌላውን ያውቃል ማለት አይደለም።

የምሳሌያችን ዓርማ እፍጋቱ 8.5፣ ጠርዙ ስል፣ ጀርባው የፊቱን ቅርጽ የሚያሳይ፣ የአንበሳው አፍንጫ የተፋቀና ጀርባው ያልተነካ፣ ቀለሙ ደረቅ ቡናማ፣ በፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥም ነጭ የመወልወያ ዱቄት ያለበት ሆኖ ተገኘ እንበል። አረንጓዴ የለበትም፣ ቀይ ንብርብርም የለበትም። ይህ ዓርማ በሣጥን ውስጥ የኖረ የወታደር ዓርማ ሊሆን በሚገባ ይችላል። በአፈርና በውኃ ውስጥ ግን ሰማንያና ዘጠና ዓመት አልኖረም። ዱቄቱም በታጠበ ነበር። በመመዝገቢያው ካርድ ላይ የምንጽፈው ሁለት መስመር ነው። «ዓርማው፦ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጋር የሚጋጭ ነገር አልተገኘበትም። የመገኛ ታሪኩ፦ ተቀባይነት የለውም።» ምናልባት ባለቤቱ ከአንድ አዛውንት ቤት ገዝቶት፣ ዋጋ ለመጨመር የቆቃን ደለል ደርቦበት ይሆናል። ያ ከሆነ የጠፋብን የአዛውንቱ ስም ነው፤ ከናሱ ይልቅ ለታሪክ የሚጠቅመው እርሱ ነበር።

ተመሳሳይ ዕቃ ለሚያጋጥማቸው ተማሪዎች ሁለት ተግባራዊ ማሳሰቢያ እንጨምር። ቅርስን ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣትም ሆነ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያስጠይቃል፤ በቀድሞ የጦር ሜዳዎች አካባቢ ደግሞ ያልፈነዳ መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል እንግዳ ብረት ሲታይ ሳይነኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። በእጅ የገባ ዓርማ አይወልወል፣ በሎሚም በአሲድም አይታጠብ፤ የምንፈልገው ማስረጃ ሁሉ ያለው በዚያ ቆሻሻ በሚመስለው ንብርብር ውስጥ ነው። በንጹሕ የጥጥ ጓንት ተይዞ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ካርዱም ከዕቃው ጋር በአንድ ላይ ይቀመጥ።